የድሮ ስልት ጌሞች ደጅ ጥናት

«ሌጀንድ ኦፍ ግሪምሮክ» የተባለው ጌም ሲጀመር አራት እስረኞች ከተራራ አናት ላይ ጨለማ ወደዋጠው የድንጋይ ጉድጓድ ይጣላሉ። ጌሙ የራሱ ካርታ አለው፤ ሆኖም ገና ከመነሻው ካርታውን ጨርሶ የሚያጠፋ ምርጫ ለተጫዋቹ ያቀርባል። እኔ እሱን መረጥኩ። ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ እርምጃ ስሄድ አንድ ካሬ አጠቁራለሁ፣ ግድግዳ ሲገጥመኝ ወፍራም መስመር አሰምራለሁ፣ የተቆለፈ በር ሳገኝ «ቁ» ብዬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ምሽት ሲያልቅ የቀረኝ አንድ ገጽ ተኩል ጭረትና ሁለት የሞቱ ጓዶች ነበሩ። ጌሙ የጣፈጠኝ በማግስቱ ነው። ደብተሩን ገልጬ ሳየው ሁለት መስመሮች መገናኘት ሲገባቸው አልተገናኙም። በመካከላቸው የተደበቀ ክፍል ሊኖር ይገባል ብዬ ገመትኩ። ሄጄ ግድግዳውን ስፈትሽ ነበረ።

ይህ ጌም የወጣው በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠሩትም ፊንላንድ ውስጥ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ደንቡ ግን የ1980ዎቹ ነው። የድሮ ስልት የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ አዲስ ተሠርቶ የጥንቱን አካሄድ የሚከተል። ውጊያው በተራ በተራ ወይም በካሬ በካሬ ይሄዳል፣ «ወደዚህ ሂድ» የሚል ቀስት የለም፣ ንባቡ ብዙ ነው፣ ሥዕሉ በፒክስል፣ ማለትም በትናንሽ ባለ ቀለም ነጥቦች፣ የተለቀመ ነው፣ ስህተት ያስከፍላል። ጣዕሙም ዘግይቶ ይመጣል።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጌሙ ዘግይቶ ይጣፍጣል፤ የሚሸጡት የኢንተርኔት መደብሮች ግን የሚመዝኑት ቀድሞ በሚታየው ነው፤ በአንድ ሥዕል፣ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ። ስለዚህ መደብሮቹ የድሮ ስልት ጌሞችን እንዴት እንደሚመርጡ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ማን ወሰነ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ወሳኙ ምን ያህል ጊዜ ወስዶ አየው የሚለውንም ነው።

ከትልቁ መደብር እንጀምር። የአሜሪካው ቫልቭ ኩባንያ ስቲምን የከፈተው በመስከረም 2003 ነው። በመጀመሪያ የራሱን ጌሞች ማደሻ ነበር፤ በ2005 የሌሎችን መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሩ ላይ ሰው ነበረ። ጌም የሠራ ሰው ሥራውን ልኮ ይጠብቃል፤ የቫልቭ ሠራተኞች አይተው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱታል። የእኛ ሰው ደጅ መጥናት የሚለው ዓይነት ነገር ነው፤ አቤቱታህን አስገብተህ የቤቱ ጌታ ዓይን እስኪያርፍብህ መቆም።

በዚያ ዘመን ከደጅ ውጭ ሆነው የኖሩም ነበሩ። ሲያትል ከተማ ውስጥ በ1994 የተመሠረተው ስፓይደርዌብ ሶፍትዌር ጥሩ ምሳሌ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ጄፍ ቮግል ከሚስቱና ከጥቂት አጋዦች ጋር ረጃጅም የአርፒጂ ጌሞችን፣ ማለትም ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪክ የሚከተልባቸውን፣ ይሠራል። በ1995 «ኤግዛይል» ብሎ ያወጣውን በ2000 «አቨርነም» ብሎ እንደገና ሠራው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እሱ ተመለሰ። ሥዕሎቹ ደካማ መሆናቸውን ራሱ ሳይሸሽግ በአደባባይ ጽፏል። ገንዘቡ የሚበቃው ለታሪኩና ለዓለሙ ስፋት እንጂ ለሥዕል ሠራዊት አይደለም። አሻሻጡም የዘመኑ ነበር፤ የጌሙ የመጀመሪያ ክፍል በነፃ ይሰጣል፣ ቀሪውን የወደደ ይከፍላል። የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ አጭር አልነበረም፤ ሰው ሙሉ ቅዳሜውን ሊያሳልፍበት ይችላል። በዚህ መንገድ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ኖሮ በ2011 «አቫዶን» የተባለው ጌሙ ስቲም ላይ ወጣ። መደብሩ ሲቀበለው ገዢዎቹ ቀድመው ነበሩ፤ በሥዕል ሳይሆን ብዙ ሰዓት በመጫወት የተገኙ ገዢዎች።

በ2012 ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ መጡ። አንደኛው ሕዝብ ገና ላልተሠራ ሥራ ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ፣ ኪክስታርተር፣ ላይ የታየው ነው። የአሳታሚ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለ ጌም ገበያ የለም ብለው ለዓመታት ሲመልሷቸው የነበሩ አንጋፋ ሠሪዎች በቀጥታ ተጫዋቹን ጠየቁ። «ዌስትላንድ 2» ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር፣ በኋላ «ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ» ተብሎ የወጣው ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ። ገና ያልተሠራ ጌም ነው፤ ሰዎች የከፈሉት ለቃል ነው። ገዢ የለም የሚለው ግምት ስህተት እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ሁለተኛው ስቲም በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ የከፈተው ግሪንላይት ነው። ምርጫውን ከሠራተኞቹ ወስዶ ለተጫዋቾች ድምፅ ሰጠ። በቀናት ውስጥ የቀልድና የማጭበርበሪያ ማመልከቻ ስለበዛ ቫልቭ 100 ዶላር ማስገቢያ ጣለ፤ ገንዘቡም ቻይልድስ ፕሌይ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሄድ ነበር። ድምፅ ሰጪው የሚያየው ሥዕልና ቪዲዮ ነው፤ ጌሙን አልተጫወተውም። እንደ ግሪምሮክ ዓይን የሚስብ ሥዕል ያለው ያልፋል። ሙሉ ማያው በጽሑፍና በቁጥር የተሞላው፣ ውበቱ ሃያኛው ሰዓት ላይ የሚገለጠው ግን አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ምን ያሳያል? የብዙኃኑ ድምፅ በመርሕ ደረጃ ፍትሐዊ ይመስላል። ሆኖም ድምፅ የሚሰጠው ሰው ያልቀመሰውን እንዲፈርድ ሲጠየቅ የሚፈርደው በመልክ ነው።

ግሪንላይት በሰኔ 2017 ተዘጋ። በቦታው የመጣው አሠራር እስከ ዛሬ አለ፤ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል፣ ጌሙ 1,000 ዶላር ሽያጭ ሲያልፍ 100ው ይመለሳል። ከዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2018፣ ቫልቭ አቋሙን በጽሑፍ አወጣ። ሕገ ወጥ ወይም ለትንኮሳ ብቻ የተሠራ እስካልሆነ ድረስ ሁሉም ይገባል አለ። በሩ ተከፈተ። በ2023 ብቻ ስቲም ላይ ከ14,000 በላይ አዳዲስ ጌሞች ወጡ። በቀን ከ38 በላይ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ምርጫ ቀረ ብሎ የተረዳው ያኔ ነው። እኔ ግን ምርጫው ከበሩ ተነሥቶ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ ባይ ነኝ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ 14,000 ዓይነት ጫማ ቢኖር ገዢው የሚያየው ባለ ሱቁ መስኮቱ ላይ የደረደረውን ሃያ ወይም ሠላሳ ነው። ስቲም ላይ ያንን የሚደረድረው በአብዛኛው አልጎሪዝም፣ ማለትም የኮምፒዩተር ስሌት፣ ነው። አልጎሪዝሙ ጌም አይጫወትም፤ የሰዎችን አኳኋን ይቆጥራል። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ስንት ሰው የምኞት ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው? በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንት ገዛ? ስንት ሰው አስተያየት ጻፈ? 10 አስተያየት እስኪሞላ ድረስ «አብዛኛው አዎንታዊ» የሚለው ዓይነት ድምር ውጤት እንኳ በገጹ ላይ አይታይም። ለትልቅ ኩባንያ 10 አስተያየት የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ማታ ማታ ለስድስት ዓመት ለሠራው የድሮ ስልት ጌም ግን ያ 10 ከሳምንታት በኋላም ላይሞላ ይችላል፤ እስኪሞላ ደግሞ አዲስ የወጡ ጌሞች ሰልፍ ወደ ታች ገፍቶታል።

ሌላው የሥዕሉ ነገር ነው። በመደብሩ ገጽ ላይ እያንዳንዱን ጌም የሚወክለው የክብሪት ቀፎ የምታክል ሥዕል ናት። ተጫዋቹ ጣቱን ወደ ታች እየገፋ ሲያልፍ ያቺ ሥዕል ዓይን ካልያዘች ጌሙ የለም። ስለዚህም ልብ ያሉ ሠሪዎች ጌሙ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ፒክስል ሆኖ ሳለ ለዚያች ቀፎ ብቻ ጎበዝ ሠዓሊ ይቀጥራሉ። አልፈርድባቸውም። ገበያው የጠየቃቸው ያንን ነው።

የገንዘብ ተመላሽ ደንቡም ሳይታሰብ መራጭ ሆኗል። ስቲም ከሰኔ 2015 ጀምሮ ጌሙን የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ፣ ያለ ምንም ምክንያት ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። መብቱ የገዢ መብት ነው፤ ይነሣ አልልም። ችግሩ 2 ሰዓት በጌም ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ርዝመት የለውም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፈንጂና መኪና የሚያሳይ ጌም በ2 ሰዓት ውስጥ ሙሉ ማንነቱን ይናገራል። ገጸ ባሕርይ መፍጠሩ ብቻ 40 ደቂቃ የሚወስድ አርፒጂ ግን በ2 ሰዓት ገና ሰላምታ ላይ ነው። የእኔ ሁለት የሞቱ ጓዶች ትዝ ይሏችኋል? በዚያ ምሽት ቢሆን ኖሮ እመልሰው ነበር። ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ያላቸውን ምርጥ ክፍል ወደ ፊት ያመጡታል። በ2 ሰዓት እንዲፈረድበት ተብሎ የተሠራ የድሮ ስልት ጌም መልኩ ብቻ የድሮ ሆኖ ይቀራል።

የመሥፈርቱ ጉድለት ጎልቶ የታየበት ታሪክ «ድዋርፍ ፎርትረስ» ነው። ሁለቱ የአዳምስ ወንድማማቾች፣ ታርንና ዛክ፣ ይህን ጌም ለሕዝብ ያወጡት በ2006 ነው፤ በነፃ፣ ከተጫዋቾች በሚላክ መዋጮ እየኖሩ። ማያው ላይ ሥዕል የሚባል የለም። ያለው ፊደልና ምልክት ነው። ድንክዬው ፈገግ ያለች ፊት ናት፣ ድመቷ አንድ የላቲን ፊደል፣ ዘንዶው አንድ ትልቅ ፊደል። ከዚያ ፊደል በስተጀርባ ግን እያንዳንዱ ድንክዬ ጥርስና ጣት ድረስ የተቆጠረ አካል፣ ዘመድ፣ ቂም፣ የሚወደው ምግብ አለው። ጓደኛው የሞተበት ያዝናል፤ ሐዘኑ ሲበረታበት ሌላውን ይመታል፤ ከዚያ ከተማው ሁሉ ይናጋል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ጌሞችን ወደ ስብስቡ ሲያስገባ ከ14ቱ አንዱ ይህ ነበር። ሙዚየም መርጦታል፤ በዚያ መልኩ ግን የትኛው መደብር መስኮቱ ላይ ያወጣው ነበር?

ወንድማማቾቹ ወደ ስቲም ለመሄድ የወሰኑት ዛክ በካንሰር ታሞ ከታከመ በኋላ፣ የአሜሪካ ሕክምና ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሲያዩ ነው። የካናዳው ኪትፎክስ አሳታሚ ሆነላቸው፤ ፊደሎቹ በትናንሽ ሥዕሎች ተተኩ፣ በማውስ መጫን የለመደ ሰው የሚገባው ማውጫ ተሠራ። በታኅሣሥ 6 ቀን 2022 ወጣ። ራሳቸው ባወጡት የጥር 2023 ሒሳብ መሠረት ለአንድ ወር የደረሳቸው ገቢ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አንጀቱ ያው የ2006ቱ ጌም ነው። የተለወጠው ቆዳው ነው። ለ16 ዓመት ከመደብር ውጭ ያቆየው ቆዳው ከነበረ፣ መደብሮች የሚመርጡት ምኑን እንደሆነ ግልጽ ነው። የፊደሉ ቅጂ ዛሬም በነፃ ይወርዳል። እኔ አሁንም እሱን እመርጣለሁ።

ከዚህ ሁሉ ፊት ለፊት የቆመው ጎግ ነው። ታሪኩ ዋርሶ ይጀምራል። ማርቺን ኢቪንስኪና ሚካኤል ኪቺንስኪ የተባሉ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች በከተማው የኮምፒዩተር ገበያ ላይ ጌም ሲሸጡ ቆይተው በ1994 ሲዲ ፕሮጀክትን መሠረቱ። በ2008 ያው ኩባንያ ድሮ የወጡ ጌሞችን ብቻ የሚሸጥ፣ የቅጂ መቆለፊያ የሌለው መደብር ከፈተ። ስሙ ራሱ «ጥሩ የድሮ ጌሞች» የሚለው አጠራር ምኅጻር ነበር። በ2012 አዳዲስ ጌሞችንም ለመሸጥ ሲወስን ሙሉ አጠራሩ ቀርቶ ጎግ ብቻ ሆነ። እዚህ በሩ ላይ አሁንም ሰው አለ። ጌምህን ትልካለህ፣ ያዩታል፣ ይወስናሉ።

ለምን በእጅ ይመርጣሉ? ትዕቢት ብቻ አይደለም። የድሮ ጌም መሸጥ ማለት ፋይል መስቀል አይደለም። ዶስ ለተባለው የድሮ የኮምፒዩተር ሥርዓት የተሠራ ጌም በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሁ ቢከፈት ላይነሣ ይችላል፤ ከተነሣም ፍጥነቱ ከአንጎለ ኮምፒዩተሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ ጠላቶቹ እንደ ጥይት ይሮጣሉ። ዶስቦክስ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ አስቀምጦ ፍጥነቱን አንድ በአንድ መቃኘት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ጌም ደግሞ መሐል ላይ ቆሞ «በመመሪያው ገጽ 14፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ቃል ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዚያን ጊዜ የቅጂ መከላከያ ነው። መመሪያው ጠፍቶ ከሆነ ጌሙ ሞተ ማለት ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ፈልጎ ስካን አድርጎ አብሮ መስጠት ግድ ይላል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ጥቂት ሰው ያለው መደብር በቀን 38 ጌም መቀበል አይችልም።

መብቱን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። «ሲስተም ሾክ 2» በ1999 ወጣ፤ የሠራው ሉኪንግ ግላስ ስቱዲዮ በ2000 ተዘጋ። ጎግ ላይ ተጫዋቾች አብዝተው ከሚጠይቁት ጌሞች አንዱ ቢሆንም የሚሸጠው ጠፋ። ስቲቨን ኪክ የተባለ ሰው ሥራውን ለቆ በመካከለኛው አሜሪካ ሲጓዝ ጌሙን ሊጫወት ፈልጎ አልነሣ አለው። መብቱ የማን እንደሆነ ሲያጣራ ያገኘው የጌም ኩባንያ አልነበረም፤ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ጻፈላቸው፣ ተስማሙ፣ በየካቲት 2013 ጌሙ ጎግ ላይ ወጣ፤ ናይትዳይቭ የተባለው ኩባንያውም ከዚያ ተወለደ። በአንጻሩ «ኖ ዋን ሊቭስ ፎሬቨር» የተባለው የ2000 ጌም መብቱ በበርካታ ትልልቅ ድርጅቶች መካከል ተጠላልፎ፣ ያው ኪክ ሞክሮ አልተሳካለትም። የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ አይገኝም። ጎግ በኅዳር 2024 ጌሞችን ጠግኖ ለማቆየት ቃል የሚገባበትን ፕሮግራም በ100 ጌሞች ጀምሯል፤ በ2025 መጀመሪያም ተጫዋቾች የሚናፍቁትን ጌም በድምፅ የሚጠይቁበትን ዝርዝር አድሷል። በዚህ ሥራው ልባዊ ምስጋና ይገባዋል።

አዲስ የድሮ ስልት ጌም ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ይኸው መደብር ሌላ ፊት አለው። ጌማችን አልገባም ተብሎ ተመልሶብናል ያሉ ሠሪዎች በተለያየ ጊዜ ሲናገሩ እንደሰማነው መልሱ አጭር ነው፤ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚሆን ነው፣ ለካታሎጋችን አይስማማም የሚል ዓይነት። በጣም የታወቀው የ2017ቱ የዛክትሮኒክስ ጉዳይ ነው። ይህ ስቱዲዮ ቀደም ሲል ከሠራቸው አንዱ «ቲ.አይ.ኤስ-100» ሲሆን፣ ተጫዋቹ መመሪያውን አትሞ አጠገቡ አስቀምጦ የሚጫወተው ጌም ነው፤ ከዚህ በላይ የድሮ ስልት አይገኝም። ጎግ ያንን ተቀብሎ ይሸጥ ነበር። «ኦፐስ ማግነም» የተባለውን አዲሱን ግን መለሰው። ስቲም ላይ የገዙት ሰዎች በሙሉ አፋቸው አመሰገኑት፤ ተጫዋቾች ጎግን ለምን ብለው ጠየቁ፤ በኋላም ውሳኔው ተቀልብሶ ጌሙ ዛሬ እዚያ ይሸጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ መሳሳታቸው አይደለም፤ መራጭ ይሳሳታል። ውሳኔው የተቀለበሰው ስቱዲዮው ስም ስለነበረው፣ ተጫዋቾቹም ስለጮኹለት ነው። ስም የሌለው ሰውስ? ጌሙን የመዘነው ሰው ስንት ሰዓት እንደተጫወተው፣ የዚህን ዓይነት ጌም የሚያውቅ ሰው እንደሆነ፣ ምኑ እንዳላረካው የሚነግረው የለም። ሦስት መስመር ምክንያት መጻፍ መደብሩን አያከስረውም። ለሠሪው ግን ያ ሦስት መስመር ሥራውን አስተካክሎ እንደገና እንዲያንኳኳ ያስችለዋል። የሰው መራጭ ከአልጎሪዝም የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ መቻሉ ነው። ካልመለሰ ብልጫው ምኑ ላይ ነው?

ገንዘቡም ይጫናል። ስቲም ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል፤ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጌሙ 10 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ 25፣ 50 ሚሊዮን ሲያልፍ 20 በመቶ ይሆናል። ቅናሹ ለትልልቆቹ ነው። ኤፒክ በታኅሣሥ 2018 በ12 በመቶ ብቻ መደብር ከፈተ፤ እስከ መጋቢት 2023 ድረስ ግን እሱም በእጅ እየመረጠ ነበር፤ የድሮ ስልት ጌሞችን ሲያስተናግድም ብዙ አላየሁም። ጎግ ትንሽ ነው። በ2021 የወላጅ ኩባንያው ሪፖርት ኪሳራ ካሳየ በኋላ ወደ መነሻው፣ ወደ ተመረጡና ያልተቆለፉ ጌሞች እንደሚመለስ አሳውቆ ነበር። ትርፉ ቀጭን የሆነ መደብር አንድ ጌም ከገባ በኋላ የሚመጣውን የደንበኛ ጥያቄ፣ የማደሻ ፋይል፣ የተመላሽ ገንዘብ ያሰላል። 200 ቅጂ ብቻ ይሸጣል ብሎ የገመተው ጌም ለእሱ ዕዳ ነው። ስሌቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ ስሌት «ኤግዛይል»ም በ1995 አንድም በር አይከፈትለትም ነበር። ለጎግ ሊነገርለት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከየካቲት 2020 ጀምሮ የገዛ ሰው ተጫውቶትም ቢሆን እስከ 30 ቀን ድረስ ማስመለስ ይችላል። ለዘገምተኛ ጌም ከ2 ሰዓቱ እጅግ የተሻለ ሚዛን ነው።

ጌሙን ከቶም ሳያዩ የሚመርጡም አሉ። በታኅሣሥ 2020 ጎግ «ዲቮሽን» የተባለውን የታይዋን ጌም እንደሚያወጣ አስታወቀ። ጌሙ ከዚያ በፊት በቻይናው ፕሬዚዳንት ላይ በተሰነዘረ ፌዝ ምክንያት ከስቲም የወረደ ነበር። ጎግ በሰዓታት ውስጥ «ከተጫዋቾች ብዙ መልእክት ደርሶናል» ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። ሠሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት የራሳቸውን መደብር ከፍተው ሸጡት። በሐምሌ 2025 ደግሞ የክፍያ ካርድ ድርጅቶች ግፊት ስቲም ደንቡ ውስጥ የባንኮችንና የካርድ አስተላላፊዎችን መሥፈርት እንዲያስገባ አደረገ። ኢች የተባለው ትንሹ መደብርም የአዋቂ ይዘት ያላቸውን ጌሞች በጅምላ ከመፈለጊያው ሰወረ። ስለ ይዘቱ የተለያየ አመለካከት ሊኖር ይችላል። የጅምላው አሠራር ግን ቀላቅሎ ይወስዳል፤ ስለ ጥቃትና ስለ ሐዘን በቁም ነገር የሚተርኩ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሠራቸው የንባብ ጌሞችም አብረው ተሰወሩ። የሰወራቸው አካል አንዱንም አልከፈተም።

የድሮ ስልት ጌም ለእኛም አገር ልጅ ቅርብ የሚሆነው በዋጋው ነው። ሠራዊት የሚያህል ሠዓሊ አይጠይቅም፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ ትዕግሥት፣ የሚተረክ ነገር ካለ ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ቄኔ ጌምስ ለስልክ የሠራቸው «ኩኩሉ»ና «ገበጣ» ከአገር ቤት የወጣ ጌም ተጫዋች እንደሚያገኝ አሳይተዋል። አሁን አንድ ወጣት በአማርኛ ፊደል የተጻፈ፣ በተራ በተራ የሚሄድ አርፒጂ ብቻውን ሠርቶ ጨረሰ እንበል። ስቲም በሩ ክፍት ነው፤ ማስገቢያው 100 ዶላር ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2024 በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 10,000 ብር አለፈ፤ ያውም ውጭ የሚከፍል ካርድ ከተገኘ ነው። አለዚያ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይለመናል። ከገባ በኋላም ክብሪት ቀፎ የምታክለው ሥዕልና የ10ሩ አስተያየት ይጠብቁታል። ጎግ አያስከፍልም፤ ደብዳቤ ልኮ መጠበቅ ነው። ኢች ላይ ደግሞ ዛሬ ማታ በነፃ ይሰቅለዋል፤ ለመደብሩ የሚሰጠውን ድርሻም ራሱ ይወስናል፣ ዜሮም ቢሆን። አማርኛ የሚያነብ ተጫዋች ፈልጎ የሚያመጣለት ግን የለም፤ አገናኙን ይዞ በየቴሌግራም ቡድኑ መዞር የራሱ ሥራ ነው። አንድ ሰው ከፍቶለት፣ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ሁለት ጓድ ሞቶበት፣ በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ከተመለሰ የመጀመሪያውን አስተያየት አገኘ ማለት ነው። ዘጠኝ ይቀሩታል።